ከመጨረሻው ጨረር በኋላ፦ የአንዲ ግሮቭ ጽሑፍና ያልተጻፈው ምዕራፍ

በሽተኞች ስለ ራሳቸው ሕመም ከጻፏቸው ጽሑፎች መካከል፣ በፕሮስቴት ካንሰር ረገድ የአንዲ ግሮቭን ያህል የተነበበና ያነጋገረ ጥቂት ነው። ጽሑፉ የወጣው ፎርቹን በተባለው የአሜሪካ የንግድ መጽሔት ላይ ግንቦት ወር 1996 ነበር፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጸሐፊው ሐኪም አልነበረም። በ1936 ቡዳፔስት ተወልዶ፣ በሃያ ዓመቱ ተሰዶ አሜሪካ የገባ መሐንዲስና ጽሑፉ በታተመበት ጊዜ ኢንቴል የተባለውን የኮምፒዩተር ክፍሎች አምራች ኩባንያ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የሚመራ ሰው ነበር። የጨረር ሕክምናን መርጦ የታከመ በሽተኛ እንዴት እንዳሰበ፣ ማንን እንደጠየቀና ለምን እንደመረጠ ለማወቅ የሚሻ የጤና ባለሙያ ዛሬም ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ጊዜው አይባክንም። ሆኖም ጽሑፉ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ከጸሐፊው ስንፍና የመጣ ሳይሆን ከተጻፈበት ጊዜ የመጣ ነው። ይህን ጉድለት መረዳት ከጨረር በኋላ በሽተኛን ለሚከታተል ሁሉ ከጽሑፉ መልካም ጎን ባልተናነሰ ይጠቅማል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በ1994 መገባደጃ ግሮቭ ለተለመደ ምርመራ ወደ አዲስ ሐኪም ይሄዳል። የፒ.ኤስ.ኤ. መጠኑ 5 ሆኖ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ እንደ ጤናማ ይቆጠር የነበረው እስከ 4 ያለው ስለነበር ሐኪሙ ወደ ዩሮሎጂስት እንዲሄድ ይመክረዋል። ግሮቭ ግን አልቸኮለም። ስለ በሽታው ማንበብ ይጀምራል፤ ቆይቶም መሐንዲስ ነውና ምርመራውን ራሱን ይመረምራል። ደሙን ወደ ሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ይልካል፤ አንዱ 6.0፣ ሌላው 6.1 ብለው ይመልሳሉ። በውጤቱ መጠራጠር ከዚያ በኋላ አይቻልም። የናሙና ምርመራው ውጤት የደረሰው በስብሰባ ላይ ሳለ ነው፤ ጸሐፊዋ በመስታወቱ በኩል ስትታየው ነገሩ ገባው። ሐኪሙ በስልክ የነገረው በጥቂት ቃላት ነበር፦ ዕጢው በአብዛኛው በስተቀኝ እንደሆነ፣ ጠበኛነቱ መካከለኛ እንደሆነ፣ የመሰራጨቱ ዕድል ግን አነስተኛ እንደሆነ።

ይህ የስልክ ጥሪ ከጽሑፉ ሁሉ የበለጠ የተዋጣ ክፍል ነው። ግሮቭ በሐኪሙ ላይ አያማርርም፤ የንግግሩ ቃና ግን ስለ ጉሮሮ ሕመም የላቦራቶሪ ውጤት ከሚነገርበት ቃና ብዙም እንዳልተለየ ብቻ ጽፎ ያልፋል። አንባቢው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ክፉ ዜናን ስለ መንገር ብዙ የሥልጠና ጽሑፍ ተዘጋጅቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ይህች አንዲት ንጽጽር ያስተማረችውን ያህል አያስተምሩም።

ከዚህ በኋላ የጽሑፉ ዋና ጉዳይ ይመጣል፤ እርሱም ምርጫ ነው። ግሮቭ ወደ ቀዶ ሐኪሞች፣ ወደ ጨረር ሐኪሞች፣ በማቀዝቀዝ ወደሚያክሙትም ይሄዳል። እያንዳንዱ የራሱን ሙያ ያመሰግናል። በመጨረሻ አንዱን ሐኪም በእርሱ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ይጠይቀዋል። ሐኪሙ ምናልባት ቀዶ ሕክምና እንደሚመርጥ ይመልሳል፤ ቆየት ብሎ ግን በትምህርት ዘመኑ ሁሉ ቀዶ ሕክምና ዋነኛው መለኪያ ነው ተብሎ ስለተነገረው ይህ አስተሳሰቡን ሳይቀርጸው እንዳልቀረ በቅንነት ያክላል። ግሮቭ ይህን መልስ ያለ ሐተታ መመዝገቡ የጸሐፊነት ብልኅነቱን ያሳያል፤ ሐኪሙ አልተዋረደም፣ ነገር ግን የሙያው ልማድ እንዴት እንደ ዕውቀት ሆኖ እንደሚቀርብ በግልጽ ታይቷል።

ግሮቭ በዚህ አላበቃም። ከታተሙ ጥናቶች ቁጥሮችን ሰብስቦ የራሱን ሠንጠረዦችና ሥዕሎች ሠራ፤ በእነዚያም ላይ ተመሥርቶ ወሰነ። የመረጠው ሁለት ዓይነት ጨረር የተጣመረበትን ሕክምና ነው፤ በመጀመሪያ በመርፌዎች አማካይነት ወደ ዕጢው ውስጥ ለአጭር ጊዜ ገብቶ የሚወጣ ከፍተኛ መጠን ያለው ጨረር፣ ቀጥሎም ለሳምንታት በየሥራ ቀኑ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር። የተመረጠው ዘዴ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የዚህ ሐተታ ጉዳይ አይደለም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖሮ በመጋቢት 2016 በ79 ዓመቱ አርፏል፤ በኋለኞቹ ዓመታት የታገለውም ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሣው በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ነው። ግሮቭ የተለያዩ ሆስፒታሎች ያወጧቸውን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አነጻጸረ። ይሁን እንጂ በቀዶ ሕክምና የታከመውና በጨረር የታከመው ሰው አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ወጣትና ጤነኛ የሆነው ወደ ቀዶ ሕክምና፣ በዕድሜ የገፋውና ሌላ ሕመም ያለበት ወደ ጨረር ይላክ ነበርና። ከዚህም በላይ በሽታው ተመለሰ የሚባልበት መለኪያ የተለያየ ነበር። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ፒ.ኤስ.ኤ. በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በጨረር ሲታከም ግን ዕጢው በቦታው ስለሚቀር መጠኑ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ወስዶ ነው የሚወርደው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የጨረር መለኪያ፣ መጠኑ ከደረሰበት ዝቅተኛ ነጥብ በ2 ሲጨምር በሽታው ተመልሷል የሚለው፣ በፊኒክስ ከተማ በ2005 በተደረገ ስብሰባ የተወሰነ ነው። ግሮቭ ሥዕሎቹን ሲሥል ይህ ስምምነት አልነበረም። መሐንዲሱ መለኪያው ያልተስተካከለ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ በፋብሪካው ውስጥ ውሳኔ እንደማይሰጥ አያጠራጥርም፤ እዚህ ግን ሌላ መሣሪያ አልነበረውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ግሮቭ የበሽታውን ስም የሰማው በ1995 የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው ከዓመት ያህል በኋላ ነው። በመካከሉ ያነበበበት፣ የጠየቀበትና የታከመበት ጊዜ ሲቀነስ፣ ስለ ማገገሙ ሲጽፍ ጨረሩ ካበቃ ዓመት አልሞላም ማለት ነው። የጨረርን ባሕርይ ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨረር በጤነኛ አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ይጀምራል። የፊንጢጣና የሽንት ፊኛ የውስጥ ሽፋን ሴሎች በፍጥነት የሚራቡ ስለሆኑ ጨረሩ ቶሎ ይነካቸዋል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያቃጥላል፣ ሰገራ ያጣድፋል፣ ንፍጥ ይቀላቅላል። ሽፋኑ ግን ራሱን ስለሚተካ ይህ በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። ሁለተኛው ጉዳት ዝምተኛ ነው። ትናንሽ የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጠባሉ፣ ሕብረ ሕዋሱ እንደ ጠባሳ ይደርቃል፣ በስሱ የተለጠጡና በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ የደም ሥሮች በፊንጢጣው ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ይህም ከስድስት ወር በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት፣ አንዳንዴ ከዚያም ዘግይቶ ይገለጣል። የብልት መቆም መዳከምም እንዲሁ ነው፤ በቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን የሚታጣው በጨረር ሲሆን በዓመታት ይሸረሸራል።

እንግዲህ የግሮቭ ጽሑፍ በሁለቱ ጉዳቶች መካከል ባለው ጸጥታ ውስጥ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ማዕበል አልፏል፤ ሁለተኛው ይምጣ አይምጣ ገና አይታወቅም። ጸሐፊው ያየውን በእውነት ጽፏል። አንባቢው ግን፣ በተለይም ሕክምናውን ለመምረጥ ሲል የሚያነብ በሽተኛ፣ ያልተጻፈውን እንደሌለ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ሕክምናን የሚመለከቱ ብዙዎቹ የበሽተኛ ጽሑፎች የዚህ ችግር ተጋሪዎች ናቸው፤ ሰው ታሪኩን ለመናገር የሚቸኩለው ልክ ከአደጋው እንደወጣ ነውና።

ማገገሙ በጽሑፉ ውስጥ የያዘው ስፍራም ጠባብ ነው። ምርጫው ገጽ ከገጽ ሲተነተን የኋላው ጊዜ በጥቂት አንቀጾች ይታለፋል፤ የሚለካውም በአመዛኙ ከሥራ ጋር ተያይዞ ነው። አንባቢ ሰውየው ከሥራው ብዙም እንዳልራቀ ይረዳል። ይህ ለኢንቴል ባለ አክሲዮኖች መልካም ዜና ነበር። ይሁን እንጂ የሚለካበት መስፈሪያ የጸሐፊውን ኑሮ የተከተለ ነው፤ ቢሮው ውስጥ መጸዳጃ ቤት ያለው፣ ሲደክመው በሩን ዘግቶ የሚያርፍ፣ በመኪናው ሄዶ ታክሞ በመኪናው የሚመለስ ሰው ኑሮ። ሰገራ የሚያጣድፈው ገበሬ፣ ረጅም ርቀት የሚጓዝ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ዘብ ቆሞ የሚያድር ሰው ያንኑ መጠን ጨረር ቢወስዱ ያንኑ ታሪክ አይጽፉም። ጥቂት የጽሑፉ አመስጋኞች ይህን አስተውለውታል ለማለት ያስቸግራል።

በዚህ ረገድ ከግሮቭ በፊት ስለዚሁ በሽታ የጻፈውን አናቶል ብሮያርድን ማስታወስ ይገባል። ብሮያርድ የኒው ዮርክ ታይምስ የመጻሕፍት ሐያሲ ነበር፤ በ1990 ያረፈ ሲሆን በሕመሙ ላይ የጻፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1992 በመጽሐፍ ታትመዋል። በሽታው ሲታወቅ ቀድሞ የተሰራጨ ስለነበር የእርሱ ታሪክ የማገገም ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ግሮቭ ያላነሣውን አንድ ነገር ያነሣል፤ ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም እንዲመረምር፣ ረጅም ጊዜ ባይሰጠውም ለጥቂት ደቂቃ ልቡን ሁሉ ሰጥቶ ስለ እርሱ እንዲያስብ ይመኛል። ግሮቭ ከሐኪም የሚፈልገው መረጃ ነው፤ ብሮያርድ የሚፈልገው አንባቢ ነው። ምርጫ ላይ ያለ በሽተኛ ግሮቭን ቢመስል ይጠቀማል። ከሕክምናው በኋላ፣ የሚመረጥ ነገር ሲያልቅና የሚኖር ብቻ ሲቀር፣ የብሮያርድ ጥያቄ ይበረታል።

በአፍሪካ በስፋት የተሰማው የዚህ ሕክምና ታሪክ የኔልሰን ማንዴላ ነው። በሐምሌ 2001፣ 83 ዓመት በሞላቸው ሰሞን፣ የፕሮስቴት ካንሰር እንደተገኘባቸውና ለሰባት ሳምንታት ጨረር እንደሚወስዱ ለሕዝብ ተነገረ። እርሳቸው ከዚያ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ ኖረው በ2013 አርፈዋል። በዕድሜ የገፉ ታላቅ ሰው የዚህን ዕጢ ስም በአደባባይ መስማታቸውና ማሰማታቸው ብዙዎችን እንዳደፋፈረ መገመት አያዳግትም። ይሁንና ይህም ዜና በሰባቱ ሳምንታት ላይ የቆመ ነበር፤ ስለ ስምንተኛው ሳምንትና ስለ ሦስተኛው ዓመት ዜና አይሠራም።

ያልተጻፈው ምዕራፍ በኋላ ተጽፏል፤ የጻፉት ግን ደራሲዎች ሳይሆኑ በዕጣ የተመደቡ 1643 ሰዎች ናቸው። ፕሮቴክት የተባለው የብሪታንያ ጥናት ከ1999 እስከ 2009 ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ፣ በሽታቸው ከዕጢው ያልወጣ ወንዶችን በሦስት መድቦ ተከታተለ። አንዱ ምድብ በቅርብ እየታየ እንዲቆይ፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት፣ ሦስተኛው በ37 ጊዜ የተከፋፈለ 74 ግሬይ ጨረር ከጥቂት ወራት የሆርሞን መቀነሻ ጋር እንዲወስድ። የአሥር ዓመቱ ውጤት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣው በ2016 መጸው፣ ግሮቭ ባረፈ በስድስት ወሩ ገደማ ነው። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ የጎደለው ማነጻጸሪያ ደረሰ፤ እርሱ ግን አላየውም።

ከሞት አንጻር ሦስቱ ምድቦች ብዙ አልተለያዩም። በ15ኛው ዓመት በዚህ በሽታ የሞቱት ከሁሉም 45 ሰዎች፣ ማለትም 2.7 በመቶ ነበሩ። በቅርብ እየታዩ በቆዩት ዘንድ በሽታው የመሰራጨቱ ነገር ከፍ ያለ ቢሆንም በሞት ላይ ጎልቶ አልታየም። ልዩነቱ የታየው በኑሮ ላይ ነው። በስድስተኛው ወር ሽንት ስለሚያመልጣቸው ፓድ የሚጠቀሙት በቀዶ ሕክምናው ምድብ 46 በመቶ ሲሆኑ በጨረሩ 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆም የነበራቸው ከሕክምናው በፊት ከመቶ 67 ያህል ነበሩ፤ በስድስተኛው ወር በቀዶ ሕክምናው ምድብ ወደ 12፣ በጨረሩ ምድብ ወደ 22 ወረዱ። የጨረሩ ምድብ በኋላ ጥቂት አንሰራርቶ እንደገና ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰ። የአንጀት ነገር ደግሞ የጨረሩ የብቻው ነበር። መጀመሪያ ላይ የተባባሰው ስሜት ረገብ ሲል በሰገራ ላይ ደም መታየቱ ግን ቆይቶ መጣ፤ በ12ኛው ዓመት ሰገራ የሚያመልጣቸው በጨረሩ ምድብ 12 በመቶ፣ በሌሎቹ 6 በመቶ ሆኑ።

የጥናቱ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊተች ይገባዋል። ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ናቸው፤ በሽታቸውም የተገኘው ሳይታመሙ በፒ.ኤስ.ኤ. ምርመራ ተፈልጎ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚደርሰው ሽንቱ ከተዘጋ ወይም ወገቡን አጥንቱ ካመመው በኋላ ስለሆነ፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጦ ለእርሱ መንገር ስሕተት ይሆናል። በሌላ በኩል የጥናቱ ዘገባ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድባቴና ስለ ጠቅላላ የኑሮ ደኅንነት ሲናገር በሦስቱ ምድቦች መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት እንዳልተገኘ ይገልጻል። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ሊል ይገባል። ሽንት ማምለጡ፣ ሰገራ መድማቱ፣ የብልት መድከሙ በእንደዚህ ያለ መጠን ከተለያየ፣ ጠቅላላው መለኪያ ለምን አልተለያየም? አንደኛው መልስ ሰው ይለምዳል የሚል ነው። ሌላው መልስ ደግሞ ጠቅላላ ጥያቄ ጠቅላላ መልስ ያመጣል የሚል ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁለተኛውን መልስ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ከጨረር የተመለሱ አባት ጤና ጣቢያ መጥተው እንዴት ሰነበቱ ቢባሉ፣ ተመስገን ደኅና ነኝ ይላሉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሰላምታውን እንደ ምርመራ ውጤት በካርዱ ላይ የሚጽፍ ባለሙያ ግን ተሳስቷል። ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሡ፣ መንገድ ሲሄዱ መጸዳጃ ቦታ አስቀድመው ይፈልጉ እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ለቅሶ ወይም ዕድር መሄድ ትተው እንደሆነ፣ ሰገራቸው ላይ ደም አይተው እንደሆነ አንድ በአንድ ሲጠየቁ ደኅናው ተመስገን ሌላ ትርጉም ይይዛል። ጥናቶቹ የሚጠቀሙባቸው መጠይቆች ምን ያህል ጊዜ እንደሚሆንና ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለይተው የሚጠይቁት በዚሁ ምክንያት ነው። በየወሩ አንድ ጊዜ የሚያመልጥ ሽንት ለአንዱ ምንም ነው፤ ለጸሎት ንጽሕናን ለሚጠብቅ ሰው ግን ከበሽታው ሊብስ ይችላል።

የስንፈተ ወሲብ ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ስስ ነው። ሽማግሌውን ያመጣችው ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሳለ ይህን መጠየቅ አለመጠየቅ ነው። በሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነና የምታስተረጉመውም እርሷው ከሆነች ነገሩ ጭራሽ ይዘጋል። ብቻቸውን የሚገኙበትን ጊዜ መፈለግ፣ ቢቻል በዕድሜ የገፋ ወንድ ባለሙያ እንዲጠይቃቸው ማድረግ፣ ብዙ ሰዎች ከዚህ ሕክምና በኋላ ይህ ያጋጥማቸዋል ብሎ በሌሎች ስም መጀመር፣ ሦስቱም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች ናቸው። ባለቤታቸውንም መርሳት አይገባም። የግሮቭም ጽሑፍ ሆነ የፕሮቴክት ሠንጠረዥ ትኩረቱ በሰውየው ላይ ነው፤ ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሣ ሰው ግን የሚቀሰቅሰው ራሱን ብቻ አይደለም።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ትልቁ ጉዳይ የርቀት ጉዳይ ነው። በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ እንደ ጅማ ባሉ የክልል ከተሞችም ተጀምሯል። ዛሬም ቢሆን ከብዙ በሽተኞች መኖሪያ እስከ ማሽኑ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ሰውየው ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳትም የሚያገኘው እዚያው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰገራቸው ላይ ደም አይተው የሚመጡትን አባት የሚቀበለው የጨረር ሐኪም አይደለም፤ የጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ደም ያለበት ሰገራ ሲታይ በመጀመሪያ ወደ አሳብ የሚመጣው አሜባ ነው፤ ካልሆነም ኪንታሮት። ጨረር መወሰዳቸውን ማንም ካልጠየቀ መድኃኒት እየተለዋወጠ ወራት ያልፋል።

የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ጨረር የነካው የፊንጢጣ የፊት ግድግዳ በኢንዶስኮፒ ሲታይ ሊቀላና ሊቆስል ይችላል፤ ይህን ያየ ባለሙያ ናሙና ለመቁረጥ ይፈልጋል። ያ ቦታ ግን የደም አቅርቦቱ የተዳከመ ስለሆነ ቁስሉ አልድን ብሎ በፊንጢጣና በሽንት መውጫ መካከል ፊስቱላ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ግድግዳ ላይ ያለ ብርቱ ምክንያት ናሙና አይወሰድም። ይህ ማለት ደሙ አይመርመር ማለት አይደለም። የትልቁ አንጀት ካንሰር በዚያው ዕድሜ ያለ በሽታ ስለሆነ ደም ሲታይ ከፍ ብሎ ያለው አንጀት ሊታይ ይገባል፤ ደም የቀላቀለ ሽንትም እንዲሁ ጨረር ነው ተብሎ ብቻ አይታለፍም። መድማቱ ቀላል ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰገራን ማለስለስና መታገሥ ይበቃል፤ ሲበረታ ደግሞ በሱክራልፌት የሚደረግ የፊንጢጣ ማጠብና በኢንዶስኮፒ የሚደሙትን ሥሮች መተኮስ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት ግን አንድ ሰው ጨረር ወስደው ያውቃሉ ወይ ብሎ በመጠየቁ ነው።

የሕክምናው ጊዜ እያጠረ መሄዱ ይህን ርቀት ያሰፋዋል። በ2016 ውጤቱ የታተመው ቺፕ የተባለ የብሪታንያ ጥናት 60 ግሬይ በ20 ጊዜ መስጠት ከ74 ግሬይ በ37 ጊዜ እንደማያንስ አሳይቷል፤ በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአምስት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ለተመረጡ በሽተኞች እንደሚበቃ አመለከተ። ከሩቅ ለሚመጣና ለአልጋ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በሰባት ሳምንት ሕክምና የመጀመሪያው ማዕበል የሚበረታው በሽተኛው በየቀኑ በባለሙያ ፊት ሳለ ነበር። በአምስት ቀን ሕክምና ቃጠሎው የሚጀምረው ሰውየው አውቶቡስ ላይ ከወጣ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስንብት ሲደረግ ይህ ካልተነገረው፣ ሕክምናው እንደከሸፈ ወይም በሽታው እንደተመለሰ ይቆጥረዋል።

ድካሙም ከዚሁ ጋር የሚነገር ነው። ከጨረር የሚመጣው ድካም እንቅልፍ የሚያስወግደው ድካም አይደለም፤ በየቀኑ መራመድን የመሰለ መጠነኛ እንቅስቃሴ ከመተኛት ይልቅ እንደሚያቃልለው ተደጋግሞ ታይቷል። ሆርሞን መቀነሻ የወሰደ ሰው ደግሞ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ የጡንቻ መመንመን፣ የስሜት መዋዠቅ ያጋጥመዋል። ይህን ሁሉ ለጨረሩ መስጠት ልማድ ሆኗል፤ መርፌው ግን ከቆመ በኋላም የሰውነት ሆርሞን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። አጥንቱም ይሳሳል። በካርዱ ላይ ጨረር ታክሟል ተብሎ ብቻ ሲጻፍ መርፌው ይረሳል።

አንድ ነገር ግን በግሮቭ ጽሑፍ ውስጥ እስካሁን አላረጀም። ያን ምርመራ በሁለት ላቦራቶሪ ያስመረመረው ሰው አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ጨረር የወሰደ ሰው ፒ.ኤስ.ኤ. እየወረደ ሳለ፣ አንድም ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። ይህን ያልሰማ በሽተኛ ከላቦራቶሪ መስኮት የተቀበላትን ወረቀት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል። ይህን ያልሰማ ባለሙያ ደግሞ በአንድ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ሰውየውን ሆርሞን መቀነሻ መርፌ ያስጀምረዋል። መጠኑ ከዝቅተኛው ነጥብ በምን ያህል እንደጨመረ ለማወቅ ዝቅተኛው ነጥብ ራሱ መታወቅ አለበት። የሕክምናው ማጠቃለያ ወረቀት ላይ የጨረሩ መጠን፣ የተሰጠበት ቀን፣ መርፌው የቆመበት ወርና እስከ አሁን የታየው ዝቅተኛ ፒ.ኤስ.ኤ. ተጽፈው ለበሽተኛው ካልተሰጡት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጤና ጣቢያ የሚቀበለው የጤና መኮንን ይህን ከማን ይጠይቃል?